አብርሃ ጅራ በ57 ምልክት፤ ስምና መዝገብ በጠባብ መሥመር ሲያልፉ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብዙ ክፍል ያለው መዝገብ እንዴት አንድ ተራ የምልክት መሥመር ሆኖ በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ እንደሚያልፍ፥ ዘዴውም ከየት እንደ መጣ መመርመር ነው። መዝገብ ስል የአንድ ጭነት ሰሊጥን ዐይነት፥ ደረጃ፥ ክብደትና መነሻ በየክፍሉ ለይቶ የያዘውን ማለቴ ነው። የኢንተርኔት አድራሻ ስል ደግሞ ዩ አር ኤል የሚባለውን፥ ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ከላይ በኩል የሚያየውን ረዥም መሥመር ነው። ጕዳዩ በመጀመሪያ ሲታይ የመሐንዲስ እንጂ የታሪክ ተማሪ አይመስልም። ነገር ግን አንድን ስም በማይቀበለው መሥመር ማሳለፍ በአገራችን የቆየ ችግር ስለ ሆነ፥ ከታሪክ ወገን ሊታይ ይገባዋል።

ለምሳሌ የመረጥሁት ስፍራ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ አብርሃ ጅራ፥ ከእርሱም ወደ ደቡብ ያለችው መተማ። ሰሊጥና ማሽላ የሚመረትበት፥ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን አገር ነው። በጠረፍ ያለ ከተማ ስሙ በአማርኛም፥ በዐረብኛም፥ በላቲን ፊደልም ይጻፋል፤ ስለዚህ ስም ከፊደል ወደ ፊደል ሲሻገር የሚደርስበት ነገር ሁሉ በዚህ ስፍራ ጐልቶ ይታያል። ማስረዳት የምፈልገውም ነገር ይህ ነው፤ ስምን ወይም መዝገብን ለመለወጥ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች መካከል የሚሻለው፥ መልኩ ምንም ያህል አስቀያሚ ቢሆን፥ የተለወጠውን ወደ መነሻው ያለ ጥርጥር የሚመልሰው ነው።

አስቀድመን የመተማን ስም እንመልከት። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰናር በወረደ ጊዜ ያለፈበትን አገር ራስ ኤል ፊል ብሎ ጻፈው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. በዚያው በኩል ሲያልፍ ገላባትም መተማም የሚሉትን ስሞች አገኘ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁበትን ጦርነት እኛ የመተማ ጦርነት እንለዋለን፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉት የሱዳን ታሪኮች ግን ብዙውን ጊዜ የገላባት ጦርነት ይሉታል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ፤ ውሉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ገላባት በሱዳን በኩል፥ መተማ በኢትዮጵያ በኩል ሆነው፥ በመካከላቸው አንድ ፈፋ ብቻ እንዳለ ይኖራሉ።

እስከዚህ ድረስ ችግሩ አንድ አካባቢ ብዙ ስም መያዙ ነው። ተቃራኒውም አለ። በሱዳን ውስጥ በዓባይ ዳር፥ ከሸንዲ ከተማ ፊት ለፊት፥ ሌላ መተማ አለ፤ በዐረብኛም የሁለቱ ስም አጻጻፍ አንድ ነው። ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር በጥር 1885 እ.ኤ.አ. በበረሃ አቋርጦ የደረሰው ወደዚያኛው መተማ ነው፤ በ1897 እ.ኤ.አ. የከሊፋው ጦር የጀዐሊን ነገድ የፈጀውም እዚያው ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። የአንድ እንግሊዝኛ መጽሐፍ የስም ማውጫ ገልጦ መተማን የሚፈልግ ተማሪ እንግዲህ ገጹን ከፍቶ ስለ የትኛው እንደሚያነብ ካላጣራ፥ የዐፄ ዮሐንስን ጦር ወደ ዓባይ ዳር ሊወስደው ይችላል።

አሁን ወደ መሥመሩ እንመለስ። ስምን በጠባብ መንገድ እንዲያልፍ ያስገደደው የመጀመሪያው መሣሪያ ቴሌግራፍ ነው። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር መልእክት ካስተላለፈ በኋላ፥ የዓለም ንግድ ሁሉ ነጥብና ጭረት ተማረ። በእኛ አገር በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክና የቴሌግራፍ መሥመር ተዘረጋ፤ በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያም ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ሌላ መሥመር ተሠራ። የሞርስ ሰንጠረዥ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። ሀያ ስድስት ፊደል፥ ዐሥር ቍጥር፥ ጥቂትም ሥርዐተ ነጥብ አለው፤ ከሁለት መቶ የሚበልጥ መልክ ላለው ለግዕዝ ፊደል ግን ስፍራ አልተወለትም። የአማርኛ ቃል በዚያ መንገድ ለማለፍ ቢፈልግ የላቲን ልብስ መልበስ ነበረበት።

የላቲን ልብስ ጕዳቱ መልኩ አይደለም፤ ማውለቁ ነው። የአብርሃን ስም በላቲን ፊደል የጻፈ ሰው ሳያስበው ብዙ ነገር ጥሎ ያልፋል። ያን ጽሕፈት ተቀብሎ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ጸሐፊ፥ የመጀመሪያውን ፊደል አ፥ ኣ፥ ዐ ወይም ዓ ሊያደርገው ይችላል፤ የመጨረሻውንም ሀ፥ ሃ፥ ሐ፥ ሓ፥ ኀ ወይም ኃ። በመጀመሪያው 4፥ በመጨረሻው 6 ምርጫ ሲኖር፥ መካከሉን ሳንነካ 24 አጻጻፍ ሆነ። ብ እና ር ሳድስ ይሁኑ ወይስ አናባቢ ይኑራቸው የሚለው ገና አልተቈጠረም። ጅራ ደግሞ ጂራ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ይጻፉ ወይስ ተጋጥመው የሚለውም አለ። ዛሬ በካርታዎችና በዘገባዎች ላይ የከተማውን ስም በላቲን ፊደል የሚፈልግ ሰው አንዴ አንድ ቃል ሆኖ፥ አንዴ ሁለት ቃል ሆኖ፥ አናባቢውም እየተለዋወጠ ያገኘዋል። ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመምህሩ አገር በተለወጠ ቍጥር የእኛም ስም አጻጻፍ በመዝገቡ ላይ አብሮ ይለወጥ ነበርና።

ቴሌግራፍ አንድ ሌላ ነገር አስተማረ። ዋጋው በቃል ስለ ነበረ ነጋዴዎች ብዙ ክፍል ያለውን ነገር ወደ አንድ ቃል ማጥበብ ጀመሩ። ለዚህ የኮድ መጽሐፍ የሚባሉ ወፍራም መጻሕፍት ታተሙ፤ በ1906 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤንትሊ መጽሐፍ ከስመ ጥሮቹ አንዱ ነው። በዚህ መጽሐፍ አንድ ሙሉ የንግድ ዐረፍተ ነገር በአምስት ፊደል ይወከላል። በዚያን ጊዜ ደንብ እስከ ዐሥር ፊደል እንደ አንድ ቃል ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ነጋዴው ሁለቱን አጋጥሞ በአንድ ቃል ዋጋ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይልካል። ብልሃቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ላኪና ተቀባይ አንድ ዐይነት መጽሐፍ ካልያዙ ቃሉ ትርጕም የለውም። አንዲት ፊደል ብትሳሳትም ሰሊጥ ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው የኋለኞቹ መጻሕፍት ማናቸውም ሁለት ቃላት ቢያንስ በሁለት ፊደል እንዲለያዩ ያደረጉት።

የዚህ ዘር ዛሬም በቆላው ገበያ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዚህን አገር ሰሊጥ «ነጣ ያለ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ» በሚል ስም መድቦ፥ በእንግሊዝኛው አራት የመጀመሪያ ፊደሎች ደብልዩ ኤች ጂ ኤስ ብሎ ያሳጥረዋል፤ ከኋላው የደረጃውን ቍጥር ያደርግበታል። ለገዢ እጅግ ይመቻል። በአብርሃ ጅራ ማሳ የተለቀመው ሰሊጥ ግን በዚያ ስም ውስጥ ሁመራና ጎንደር ሆኖ ይቀራል፤ ከአራቱ ፊደላት ተነሥቶ ማሳው የት እንደ ነበረ መመለስ አይቻልም። እንዲህ ያለው ሥራ ምደባ ነው፤ ምደባ አውቆ የሚጥለው ነገር አለው። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ግን ምንም ሳይጥል የሚለውጠውን ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ወደ ፊደላችን ስንመለስ፥ ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ይኸው ጥበት ነው። የላቲን መኪና አርባ ስድስት ያህል ቍልፍ ሲኖረው፥ የእኛ ፊደል በዚያ ላይ አይበቃም። የተገኘው መላ ፊደሉን ከመሠረቱና ከቅጥሉ ለይቶ በሁለት ምት መጻፍ ነው፤ ዕድሜ የጠገቡ ደብዳቤዎችን ያየ ሰው የቅጥሉን ጭረት ከፊደሉ ትንሽ ርቆ ያስተውለዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንጂነር ተረፈ ራስ ወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሠሩ። የዓለም ቴሌፕሪንተር በአምስት ምት ይሠራ ነበር፤ አምስት ምት ደግሞ ከ32 የበለጠ ጥምረት አይሰጥም። ይህን ቍጥር ከፊደል ገበታችን ጋር አስተያይቶ የሥራውን ክብደት መገመት ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ኮምፒዩተር ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መጀመሪያ የተገኘው መፍትሔ ጊዜያዊ ነበር። የፊደል ሠሪዎች የግዕዝን መልክ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ አስቀመጡ፤ መኪናው ላቲን የጻፈ እየመሰለው ዐይን ግን አማርኛ ያያል። ፓወር ግዕዝ፥ ቪዥዋል ግዕዝ፥ ብራና፥ አጋፋሪና ሌሎችም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አቀማመጥ ይዘው ወጡ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። የኮድ መጽሐፉ ችግር እንደገና መጣ ማለት ነው፤ ላኪና ተቀባይ አንድ መጽሐፍ አልያዙም።

ይህ የተለወጠው ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ምልክቶችን በተቀበለ ጊዜ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቍጥር ተሰጠው። ቍጥሩን ወደ ባይት የሚለውጠው ደንብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በመስከረም 1992 እ.ኤ.አ. የነደፉት ዩ ቲ ኤፍ 8 ነው። በዚህ ደንብ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፥ የዐረብኛ ፊደል ሁለት ባይት፥ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል።

የኢንተርኔት አድራሻ ግን ይህን ሁሉ እንዲሁ አይቀበልም። በታኅሣሥ 1994 እ.ኤ.አ. ቲም በርነርስ ሊና ባልደረቦቹ ያወጡት ደንብ በአድራሻ ውስጥ የሚፈቀዱት የላቲን ፊደላት፥ ቍጥሮችና ጥቂት ምልክቶች ብቻ መሆናቸውን ወሰነ። ሌላው ሁሉ፥ ክፍት ቦታም ጭምር፥ በ% ምልክትና በሁለት አኃዝ መተካት አለበት። አኃዙ በዐሥራ ስድስት የሚቈጠር ስለ ሆነ ከ9 በላይ ያሉት ስድስቱ በላቲን ፊደል ይጠራሉ፤ እኔም እዚህ እንደ አጠራራቸው ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲ፥ ኢ፥ ኤፍ ብዬ እጽፋቸዋለሁ። የ1994ቱ ደንብ ባይቶቹ በየትኛው የፊደል መዝገብ እንደሚነበቡ አልወሰነም ነበር። ይህ ክፍተት ለእንግሊዝኛ ምንም አይደለም፤ ለእኛ ግን ሁሉ ነገር ነው። በጥር 2005 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ደንብ ወደ ፊት ለሚወጡ የአድራሻ ዐይነቶች ዩ ቲ ኤፍ 8ን መከረ፤ በዚያው ወር የወጣው ሌላ ደንብ ደግሞ ለአንባቢው ዐይን አድራሻ በማናቸውም ፊደል እንዲታይ መንገድ ከፈተ።

እንግዲህ አብርሃ ጅራን እንለውጠው። አ %ኢ1%8ኤ%ኤ0 ይሆናል። ብ %ኢ1%89%ኤ5፥ ር %ኢ1%88%ኤዲ፥ ሃ %ኢ1%88%83 ይሆናሉ። ክፍት ቦታው %20 ነው። ጅ %ኢ1%8ሲ%85፥ ራ %ኢ1%88%ኤቢ ናቸው። ስድስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 9 ምልክት፥ ክፍት ቦታው 3 ምልክት ስለሚወስዱ ድምሩ 57 ነው። ስድስቱም በኢ1 እንደሚጀምሩ አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም፤ ከዋናው የግዕዝ ገበታ የሆነ ፊደል ሁሉ በዚህ ባይት ይጀምራልና። ተቀባዩ መኪና ባይቶቹን በምዕራብ አውሮፓ ፊደል ቢያነባቸው፥ ያ ኢ1 ጭረት የተጫነበት የላቲን ኤ ሆኖ በየሦስት ምልክቱ ይደጋገማል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያየ ሰው በውስጡ አማርኛ እንዳለ፥ ሊመለስም እንደሚችል ይወቅ፤ የጠፋ ነገር የለም።

እስካሁን ስለ አንድ ስም ተናገርሁ፤ አሁን ወደ መዝገቡ እንለፍ። መዝገብን በአድራሻ ለመላክ ሁለት ሥራ ይጠይቃል። አንደኛው ማስተካከል ነው፤ ክፍሎቹን በአንድ ረድፍ መደርደር። የተለመደው አደራደር የክፍሉን ስም፥ ቀጥሎ = ምልክትን፥ ቀጥሎ ይዘቱን መጻፍ፥ ክፍልን ከክፍል ደግሞ በ& መለየት ነው፤ እንደዚህ፤ ዐይነት=ሰሊጥ&ደረጃ=3&ኩንታል=50&ከተማ=አብርሃ ጅራ። ሁለተኛው ሥራ በየይዘቱ ያሉትን የማይፈቀዱ ምልክቶች በ% መተካት ነው። ይህ መሥመር ሳይለወጥ 34 ምልክት አለው፤ ሲለወጥ 220 ይሆናል።

የሥራዎቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። የንግድ ማኅበሩ ስም በመካከሉ & ቢኖርበት፥ ይዘቱ አስቀድሞ ካልተለወጠ መኪናው የስሙን ግማሽ አዲስ ክፍል አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ይዘት ለብቻው መለወጥ፥ ከዚያ በኋላ መደርደር አለበት፤ በይዘት ውስጥ ያለ & %26፥ = ደግሞ %3ዲ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የጠረፍ ነጋዴ የሚያውቀው ምሳሌ አለ። የመተማ ነጋዴ ስልክ በ+251፥ የገላባት ነጋዴ ስልክ በ+249 ይጀምራል። በድረ ገጽ ቅጽ ደንብ + ማለት ክፍት ቦታ ማለት ነው። ስልኩን እንዳለ የላከ ሰው ቍጥሩ ከሌላው ወገን ሲደርስ ፊቱ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ እንዲደርስ ከተፈለገ %2ቢ ተብሎ መጻፍ አለበት። አንድ ምልክት በአንድ ደንብ ክፍት ቦታ፥ በሌላው ደንብ ራሱ + መሆኑ እስካሁን የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ያስቸግራል።

ሌላው የታወቀ ጥፋት ሁለት ጊዜ መለወጥ ነው። የ% ምልክት ራሱ ሲለወጥ %25 ይሆናል። አንዱ ጸሐፊ የለወጠውን ሌላው ሳያውቅ ደግሞ ቢለውጠው፥ እያንዳንዱ ባይት ከ3 ወደ 5 ምልክት ያድጋል፤ የአብርሃ ጅራ 57 ምልክትም 95 ይሆናል። ተቀባዩ አንድ ጊዜ ብቻ ሲፈታው በእጁ የሚቀረው ስሙ ሳይሆን 57ቱ ምልክት ነው። ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ በመሥመሩ ላይ የተጻፈ ነገር ስለሌለ፥ ላኪና ተቀባይ አስቀድመው መስማማት አለባቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ክፍል በክፍል ውስጥ ያለው መዝገብ ነው። የሰሊጡ መነሻ አንድ ቃል አይደለም፤ ክልል፥ ዞን፥ ወረዳና ከተማ በውስጡ አሉ። የቅጽ ደንቡ የሚያውቀው ስምና ይዘት ብቻ ስለ ሆነ፥ ለእንዲህ ያለው ሁሉም የተስማማበት አንድ ሕግ የለም። ፒ ኤች ፒ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የቀጥታ ቅንፍ ይጠቀማል፤ መነሻ[ወረዳ]፥ መነሻ[ከተማ] እያለ። ሌሎች በነጥብ ይለያሉ። ሌሎች ደግሞ መዝገቡን በሙሉ ዳግላስ ክሮክፎርድ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባስተዋወቀው በጄሰን አጻጻፍ ጽፈው ያን እንደ አንድ ይዘት ይለውጡታል። ቅንፍ ያለው በነጥብ ለሚያነበው መኪና ተራ ስም ሆኖ ይታየዋል።

በመደርደሩ ጊዜ የሚጠፋም ነገር አለ፤ በዚህ በኩል ዘዴውን እንከን የለሽ ላደርገው አልፈልግም። በመዝገቡ 50 ቍጥር ነበረ፤ በመሥመሩ ላይ ግን 5 እና 0 የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ ቍጥር ይሁን ጽሑፍ የሚለይ የለም። ደረጃው ባዶ የሆነ መዝገብ «ደረጃ አልተሰጠውም» ማለት ይሁን ወይስ «ጸሐፊው ረስቶታል» ማለት ይሁን አይታወቅም። ለታሪክ ተማሪ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በቀረጥ መዝገብ ላይ ባዶ የተተወ ስፍራ ዜሮ ከተጻፈበት ስፍራ ጋር አንድ አይደለምና። በጄሰን የሄደ መዝገብ ይህን ልዩነት ይጠብቃል፤ ስለዚህ መነሻው እንደ ሰሊጣችን ተደራራቢ ለሆነ መዝገብ በእኔ አስተያየት ይኸኛው ይመረጣል፥ መሥመሩን ቢያረዝመውም።

ስለ ርዝመት የሚነሣው ተቃውሞ እውነተኛ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው ድሮ የተስፋፋ መፈለጊያ ከ2083 ምልክት በላይ የሆነ አድራሻ አይቀበልም ነበር። በእንግሊዝኛ ይህ አንድ ሙሉ ገጽ ይሆናል፤ በግዕዝ ግን 231 ፊደል ብቻ ነው። በስልክ አጭር መልእክትም ያው ነው፤ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ ወጣቱ ሁሉ አማርኛን በላቲን ፊደል እንዲጽፍ ያስለመደው አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። መንገዱን የሠራው ሰው ፊደል በነፃ ያልፋል፤ የሌላው ፊደል ቀረጥ ይከፍላል። ለማሳጠር የሚፈልግ ሰው ቤዝ 64 የሚባለውን ዘዴ፥ በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. በታወጀው ለአድራሻ በሚስማማው ዐይነት፥ ሊጠቀም ይችላል፤ በዚያ አብርሃ ጅራ ከ57 ወደ 26 ምልክት ይወርዳል። ነገር ግን በዚህ ዘዴ የተለወጠ መሥመር ምን እንደ ሆነ ከላዩ ላይ አይታወቅም፤ በ% የተለወጠው ግን ምልክቱ ራሱ የአፈታቱን ደንብ ይናገራል። የዛሬ መፈለጊያዎች እንዲያውም ፈትተው አማርኛውን ያሳያሉ፤ ሰውየው አድራሻውን ቀድቶ ለወዳጁ ሲልክ ብቻ ያ ረዥም የ% ሰንሰለት ብቅ ይላል።

ከዚህ ሰንሰለት ጋር አንድ ጥንቃቄ መያያዝ አለበት። የተለወጠ ነገር ምስጢር የሆነ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። አድራሻ በየአገልጋዩ ኮምፒዩተር የመዝገብ ደብተር ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ ማንም ሰው በቅጽበት ይፈታዋል። የነጋዴን ስልክና የጭነቱን መጠን በአድራሻ መሥመር ላይ መላክ ደብዳቤን ያለ ፖስታ እንደ መላክ ነው።

የሚቀረው የራሳችን ጕዳይ ነው። የ% ዘዴ ያልነውን ሁሉ በታማኝነት ይመልሳል፤ ያልነው ግን አንድ ዐይነት ላይሆን ይችላል። አብርሃን በሃሌታው ሃ የጻፈ ሰው መጨረሻው ኢ1 88 83 ነው፤ በሐመሩ ሐ የጻፈ ኢ1 88 90፤ በብዙኃኑ ኀ የጻፈ ኢ1 8ኤ 80። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለመኪናው ሦስት ከተሞች ናቸው። የጥንት መጻሕፍትንና የብርሃንና ሰላም ዘመን ጋዜጦችን ልማድ ተከትሎ በሁለቱ ቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ያደረገ ደግሞ፥ ያ ነጥብ ራሱ የግዕዝ ምልክት ስለ ሆነ 9 ምልክት ይወስድበታል፤ ስሙም 63 ይሆናል። አጋጥሞ የጻፈው 54 ይሆንለታል። ወረዳው ከቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ወደ ምዕራብ ጎንደር ዞን በመዛወሩ የዞኑ ክፍልም በአሮጌና በአዲስ መዝገብ ይለያያል።

ሞክሼ ፊደሎችን ዩኒኮድ ራሱ አንድ ያድርጋቸው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አልስማማም፤ በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፥ ሰረቀ ማለት ወሰደ ነውና። ሁለቱን አንድ ያደረገ መዝገብ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ይህም በላቲን ልብስ ላይ ያነሣሁት ያው ክስ ነው። ሞክሼዎቹን አንድ ማድረግ የሚገባው መዝገቡ ሳይሆን ፈላጊው መሣሪያ ነው። የጻፉት እንዳለ ይቀመጥ፤ ሰው ሲፈልግ ግን አብርሃ ጅራ፥ አብርሐ ጅራ፥ አብርሀ ጂራና አብርሃጅራ የሚሉትን ሁሉ ወደ አንዲቱ ከተማ የሚመራ የስም ዝርዝር ከጎኑ ይኑር፤ በዝርዝሩም ከእያንዳንዱ አጻጻፍ አጠገብ የተገኘበት ሰነድና ዓመት ይጻፍ። ለመተማም እንዲሁ፤ ከስሙ አጠገብ ገላባትና ራስ ኤል ፊል የተባለበት ዓመት፥ ከዚያም በሸንዲ ፊት ለፊት ያለችው መተማ ሌላ መሆኗ።